ስለ ጦስኝ፤ የደጋው ትንሽ ዕፅ አዞብ ነውን?

የዳዊትን መዝሙር የሚደግም ሰው ሁሉ 50ኛውን መዝሙር ያውቀዋል። ነቢዩ ከኃጢአቱ ይነጻ ዘንድ ሲለምን በአዞብ እንዲረጭ ይማጸናል። ይህ ቃል በግእዙ አዞብ ወይም አዛብ፥ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሂሶጵ ተብሎ ተጽፏል። ተማሪው ቃሉን በቃሉ ካጠና በኋላ «አዞብ የትኛው ቅጠል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፥ መምህሩ በእጁ ይዞ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል፤ በደጋ አገር ያለ መምህር እንደ ሆነም ዓይኑን ወደ ተራራው አንሥቶ «ይህ የእኛ ጦስኝ ነው» ቢል አያስደንቅም። ሽታው፥ ትንሽነቱ፥ በድንጋይ መካከል መብቀሉ ይህን ያስብላልና።

ይህ አመላለስ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ለመፍረድ ሁለቱንም ዕፅ ለየብቻ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አስቀድመን ስለ ጦስኝ፥ ቀጥለን ስለ አዞብ እንናገራለን፤ ከዚያም በኋላ በእኛ ዘመን በጦስኝ ላይ እየደረሰ ስላለው ነገር እንጽፋለን። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናልና አንባቢው እስከዚያ ድረስ እንዲታገሠን እንለምናለን።

ጦስኝ በምድር ላይ ተነጥፎ የሚበቅል ቍጥቋጦ ነው። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከስንዝር አያልፍም፤ በተመቸው ቦታ ግን እስከ ክንድ ይደርሳል። ከሩቅ ያየው ሰው ሣር ይመስለዋል። ዳሩ ግን ሣር አይደለም፤ ወደ ሥሩ ጐንበስ ብለው ቢመለከቱት ግንዱ እንደ እንጨት የጠነከረ፥ ብዙ ዓመት የሚኖር ዕፅ ሆኖ ይገኛል። ይህን አንባቢው ልብ እንዲለው እንፈልጋለን፤ በኋላ የምንናገረው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። ቅጠሉ እጅግ ትንሽ ሲሆን ጥንድ ጥንድ እየሆነ ፊት ለፊት ይበቅላል። አበባው ሐምራዊ ወይም ወደ ነጭ የሚያደላ ሆኖ በቅርንጫፉ ጫፍ ይሰበሰባል፤ አንዲቱን አበባ ለይተው ቢያዩአት እንደ ከንፈር ለሁለት የተከፈለች ናት። በሚያብብበት ወራት ንብ ከላዩ አይለይም።

እንደ ከንፈር የተከፈለ አበባ፥ ጥንድ ጥንድ የሆነ ቅጠልና መዓዛ ያላቸው ብዙ ዕፅዋት የአንድ ነገድ ልጆች ናቸው። በሶብላ፥ ናና፥ ዳማ ከሴ፥ የጥብስ ቅጠል ከዚሁ ነገድ ይቈጠራሉ። እናቶቻችን እነዚህን ሁሉ በሽታቸው ብቻ ሲያቀራርቧቸው የኖሩትን ሊቃውንተ ዕፅዋት በአበባቸው ቅርጽ መርምረው በአንድ ቤት አስገቧቸው። የአፍንጫ ምስክርነት ከዓይን ምስክርነት ጋር እንዲህ ሲስማማ ማየት ደስ ያሰኛል።

ጦስኝ የሚወደው ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 እስከ 4000 ሜትር ያለው ከፍተኛ አገር ነው። በሸዋ በመንዝና በጣርማ በር፥ በሰሜን በጎንደር ደጋዎች፥ በደቡብም በባሌ ተራሮች ይገኛል። ጥላ አይወድም፤ ዛፍ በበዛበት ጫካ ውስጥ ከሚፈልጉት ይልቅ ፀሐይ በሚመታው ገላጣ ሜዳ፥ በድንጋይ ስንጥቅና በገደል አፋፍ ቢፈልጉት ይሻላል። በዚህ ከፍታ ላይ ቀኑ ፀሐይ፥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጅባራ የሚባለው ትልቅ ዕፅ ቅጠሉን በሌሊት እየሰበሰበ ለጋ ጫፉን ከውርጭ ሲያድን፥ ጦስኝ ደግሞ ዝቅ በማለት ይድናል፤ ነፋሱ በላዩ ያልፋል፥ ቀን የሞቀው ድንጋይና አፈር ሌሊት ሙቀቱን ያካፍለዋል። ትንሽ ቅጠል ያለው መሆኑ ውኃው በፀሐይና በነፋስ ፈጥኖ እንዳያልቅ ይረዳዋል። በቅጠሉ ላይ ደቃቅ የዘይት ከረጢቶች አሉ፤ ሽታው የሚወጣው ከእነዚህ ነው። ይህ ዘይት ለእኛ መዓዛ ይሁን እንጂ ለዕፁ ጋሻው ነው፤ ቅጠሉን ሊበላ ከሚመጣ ትልና ከሚያበሰብስ ሻጋታ ይከላከልበታል።

በዓለም ላይ የጦስኝ ወገን የሆኑ ከ200 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉ፤ አብዛኞቹም በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያና በእስያ ይበቅላሉ። የእኛ አገር ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው በሊቃውንተ ዕፅዋት ዘንድ ቲሙስ ሺምፔሪ፥ ሁለተኛው ቲሙስ ሴሩላቱስ ይባላል፤ ሁለተኛው የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ሲሆን ይበልጡን በሰሜን ይታወቃል። ሕዝቡ ሁለቱንም ጦስኝ ይላቸዋል፤ በትግርኛም ለዚህ የቀረበ ስም አላቸው። ሺምፔሪ የተባለው በጀርመናዊው በጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ስም ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዕፅዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮጳ ሲልክ ኖረ፤ በአገራችን አግብቶ ወልዶ በ1878 በዓድዋ ዐረፈ። የእኛን ዕፅ በባዕድ ሰው ስም ሲጠሩት የሚከፋ አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኛ ግን አርባ ዓመት በዚህ ምድር ኖሮ አጥንቱን እዚሁ ለተወ ሰው አንድ የተራራ ቍጥቋጦ በስሙ ቢጠራለት ብዙ ነው አንልም።

አሁን ወደ አዞብ እንመለስ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈ እስራኤል ከግብፅ በወጡባት ሌሊት የበጉን ደም በበራቸው ጉበንና መቃን ላይ የረጩት በአዞብ እስር ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ለምጻም በሚነጻበት ሥርዓት፥ በዘኍልቍ ምዕራፍ 19 የቀይዋ ጊደር አመድ በገባበት ውኃ ነገር አዞብ ይጠቀሳል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 በሆምጣጤ የተሞላው ሰፍነግ ወደ ጌታ አፍ የቀረበው በአዞብ ነው። በመጽሐፈ ነገሥትም ስለ ሰሎሞን ጥበብ ሲናገር፥ ከሊባኖስ ዝግባ ጀምሮ በግንብ ላይ እስከሚበቅለው አዞብ ድረስ ስለ ዕፅዋት እንደ ተናገረ ጽፏል።

ከእነዚህ ንባቦች የዕፁን መልክ ማውጣት ይቻላል። ለዝግባ ዳርቻ ሆኖ ተጠቅሷልና ትንሽ ነው፤ በግንብ ላይ ይበቅላልና ብዙ አፈር አይሻም። ተሰብስቦ የሚታሰር ቅርንጫፍ አለው። ደምና ውኃ እየተነከረ ይረጭበት ነበርና ፈሳሽ የሚይዝ ቅጠል አለው፤ ይህም ቅጠሉ ጠጕራም እንደ ነበረ ያመለክታል። በሰፍነጉ ነገር ግን ጥያቄ ይነሣል፤ ትንሽ ቍጥቋጦ ሰፍነግ ተሸክሞ ወደ መስቀል ከፍታ እንዴት ይደርሳል? ማቴዎስና ማርቆስ በዚህ ቦታ መቃ ብለዋልና፥ አዞቡ በመቃው ጫፍ ታስሮ ነበር ቢባል ወንጌላውያኑ ይስማማሉ። አንድም፥ በቅድስት አገር የሚበቅለው አዞብ ግንዱ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም አለና፥ መስቀሉም እጅግ ረጅም ካልነበረ ያለ መቃ ይደርሳል ማለትም ይቻላል።

ዛሬ በአውሮጳ ሰዎች ዘንድ ሂሶጵ የሚባል ሰማያዊ አበባ ያለው ዕፅ አለ። እርሱ ግን በቅድስት አገር ዱር አይበቅልም፤ ስለዚህ የኦሪቱ አዞብ ሊሆን አይችልም። ስሙ ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ፥ ከጽርእ ወደ ላቲን ሲሻገር ባለቤቱን ለውጦ በሌላ ዕፅ ላይ ዐረፈ። ብዙዎች መርማሪዎች እውነተኛው አዞብ በላቲን ኦሪጋኑም ሲሪያኩም፥ በዐረብኛ ዛዕተር የሚባለው ነው ይላሉ። ይህም አዲስ አሳብ አይደለም፤ ኦሪትን ወደ ዐረብኛ የተረጐመው አይሁዳዊው ሊቅ ሰዓድያ ጋዖን በ10ኛው መቶ ዓመት፥ ከእርሱም በኋላ ሙሴ ማይሞኒደስ በ12ኛው መቶ ዓመት አዞብን በዚሁ ስም ፈትተውታል። በገሪዛን ተራራ ያሉት ሳምራውያንም በፋሲካቸው የሚይዙት ቅጠል ይኸው ነው። በግንብ ስንጥቅ ይበቅላል፥ ቅጠሉ ጠጕራም ነው፥ ሽታው ብርቱ ነው፤ ምልክቶቹ ሁሉ ይገጥማሉ።

እንግዲህ ጦስኝ አዞብ ነውን? አይደለም። ነገር ግን የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም የከንፈር አበባ ነገድ ናቸው፥ መዓዛቸውም የሚመጣው ከተመሳሳይ ዘይት ነው። ዐረቦችም ዛዕተር የሚለውን ስም ለሁለቱም ወገን ይሰጣሉ። ስለዚህ መምህሩ ለተማሪው «ጦስኝ አዞብን ይመስላል፤ አሽትተህ አዞብን አስበው» ቢለው መልካም አስተምሯል። «ጦስኝ አዞብ ነው» ቢለው ግን የንባቡን አገር ከማሳቱ በላይ የዕፁን ክብር ያሳንሳል። አዞብ በሶርያም፥ በሊባኖስም፥ በፍልስጥኤምም በየኰረብታው አለ። ጦስኝ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ ምድር በቀር በሌላው ዓለም ዱር አይገኝም። አንዱ ከአንድ አገር ቢጠፋ ከሌላው አገር ዘሩ ይመጣል፤ የእኛው ከተራራችን ቢጠፋ የሚያበድረን አገር የለም።

ጦስኝ በቤታችን ያለውን ሥራ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በጾም ወራት ቅቤና ሥጋ ከማዕድ ሲርቁ ሽሮውን የሚያጣፍጡት እንዲህ ያሉ ቅጠሎች ናቸው፤ በበርበሬም ውስጥ ይገባል። በደጋው አገር በሻይ ቅጠል ፈንታ አፍልተው ይጠጡታል፥ ለሳል፥ ለራስ ምታት፥ ለሆድ ሕመምም ይፈልጉታል። በዘይቱ ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። ቲሞልን ከአውሮጳው ጦስኝ አስቀድሞ የለየው ካስፓር ኖይማን የተባለ የጀርመን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1719 ነው፤ ተሐዋስያንን የመግደል ኃይል ስላለው እስከ ዛሬ በአፍ መጕመጥመጫ መድኃኒት ውስጥ ይገባል። የእኛን ጦስኝ የመረመሩ ሰዎች የዘይቱ መጠንና ዓይነት ከተራራ ተራራ እንደሚለያይ አግኝተዋል፤ በአንዱ ስፍራ ቲሞል፥ በሌላው ካርቫክሮል ይበዛል። ስለዚህ ከአንድ ተራራ ላይ ጦስኝ ሲጠፋ «በሌላው ተራራ አለ» ማለት በቂ መጽናኛ አይደለም፤ የጠፋው ከቀረው ጋር አንድ ላይሆን ይችላልና።

እዚህ ላይ ለካህናት ወንድሞቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። የደም ብዛት ያለባቸው ምእመናን ጦስኝ ይፈውሳል ሲባል ሰምተው ሐኪም የሰጣቸውን ኪኒን የሚተዉ አሉ። በአይጥ ላይ በተደረገ ምርመራ ጦስኝ ሽንት የማብዛት ኃይል እንዳለው ታይቷል፤ ይህም ለነገሩ ጥቂት መሠረት ይሰጠዋል። ነገር ግን በአይጥ የታየ ሁሉ በሰው ይጸናል ማለት አይደለም። ሻዩን መጠጣት አንከለክልም፤ በመድኃኒት ፈንታ መጠጣት ግን ነፍስን አደጋ ላይ መጣል ነውና ንስሐ አባቶች ይህን ለልጆቻቸው ይንገሩ።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር ደርሰናል። ቀድሞ ጦስኝ የሚለቅመው የተራራው ሰው ለቤቱ ብቻ ነበር። ዛሬ ከተማው ሰፍቷል፥ መንገዱ ደርሷል፥ ቅጠሉም ገበያ ወጥቷል። በደጋው ገበያና በመንገድ ዳር እናቶችና ሕፃናት በእስር በእስር ይዘው ሲሸጡት ይታያሉ። ከእነዚህ እስሮች አንዱን አንሥታችሁ ወደ ታች ገልብጡት፤ ብዙ ጊዜ አፈር ያዘለ ሥር ታገኛላችሁ። ቅጠሉ አልተቈረጠም፥ ዕፁ ተነቅሏል ማለት ነው። ሲነቅሉት ሥራው ይፈጥናል፥ ማጭድ አያስፈልግም፥ እስሩም ወፍራምና ከባድ መስሎ ይታያል። ብዙ ዓመት ይኖር የነበረው ግንድ ለአንድ ቀን ሽሮ ተሸጠ። ጦስኝ ዘሩ ደቃቅ ነው፥ በውርጭ አገርም ዕድገቱ ዘገምተኛ ነውና የተነቀለበትን ቦታ መልሶ እስኪለብስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ እስከዚያም አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል። ወደ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው የገብስ እርሻና የመንጋው ብዛት ደግሞ በሌላ ወገን ያጠቡታል።

ለቃሚዎቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አናደርገውም። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ የምትኖር፥ መሬቷ ከገብስ በቀር የማይሰጣት እናት ለጨውና ለሳሙና የሚሆን ገንዘብ ከየት ታምጣ? አትልቀሚ የሚል ሰው ምትኩን ይዞ ይምጣ። ይልቅስ የአለቃቀሙን ነገር ወስኖ የሚመልሰው ገዢው ነው። ገዢው ሥር ያለበትን እስር «ይህን አልወስድም፥ የተቈረጠውን እወስዳለሁ» ቢል፥ ለተቈረጠውም ጥቂት ሳንቲም ቢጨምር፥ በሚመጣው ቅዳሜ ማጭድ ይዘው ይወጣሉ። ለጾም ሽሮ ጦስኝ የምንገዛ እኛ ራሳችን ነን፤ ስለዚህ ነገሩ ከእጃችን የራቀ አይደለም።

አባቶቻችን የተራራ ሣርና ቅጠል በሥርዓት መጠቀም ያውቁ ነበር። ለዚህ ከሁሉ የታወቀው ምስክር በመንዝ ያለው ጓሳ ነው። ከ3200 ሜትር በላይ የተዘረጋ፥ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሜዳ ሲሆን ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳን ከሚሆነው ከጓሳ ሣር ነው፤ በሣሩም መካከል ጦስኝ ይበቅላል፥ ቀይ ቀበሮም ይኖርበታል። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ባለ አጽመ ርስቶቹ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሜዳው ለብዙ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ተማክረው ይከፍቱታል፥ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፥ ዝናብ ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ የርስቱ ሥርዓት ሲፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሜዳው ለጊዜው ባለቤት ያጣ ሆኖ ብዙ ተጐዳ። ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ ተብሎ በሕግ የታወቀ ነው። እኛን የሚያስገርመን መዝጋታቸው አይደለም፤ መዝጋትማ ማንም ይችላል። የሚያስገርመው መቼ እንደሚከፈት ማወቃቸውና ሲከፈትም ከሣሩ ሥር በላይ ማጨዳቸው ነው።

ለጦስኝም ሕጉ ይኸው ነው። የሚለቅም ሰው አበባው ሲፈነዳ፥ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፥ በማጭድ ወይም በቢላ ለስላሳውን ጫፍ ይቍረጥ፤ ቅጠል የሌለበትን የእንጨት ክፍል አይንካ፤ ከዚያ በታች የተቈረጠ ጦስኝ ብዙ ጊዜ አያቈጠቍጥምና። ከአንዱ ግንድ ሲሶውን ያህል ያስቀርለት። የለቀመውን በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ያድርቅ፤ ፀሐይ ዘይቱን ታባርራለችና ሽታ የሌለው ገለባ ይቀርበታል። በገበያ ቢጫ የሆነና የማይሸት ጦስኝ የምናገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በደጋ አገር ያላችሁ አለቆችና አስተዳዳሪዎች ደግሞ ከዚህ የበለጠ ልትሠሩ ትችላላችሁ። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ዛፉ ተጠብቆ ይኖራል፤ ጦስኝ ግን ጥላ አይወድምና ከዛፍ ሥር ብትተክሉት ይሞታል። ስፍራው በቅጽሩ ካብ ላይና በካቡ ግርጌ፥ ፀሐይ በሚያገኝበት፥ ውኃ በማይተኛበት ነው። ዘሩን ከመዝራት ቅርንጫፉን መትከል ይቀላል፤ ምድር ነክቶ በራሱ ሥር ያወጣውን ቅርንጫፍ ከእናቱ ለይታችሁ በክረምት መግቢያ በድንጋዩ መካከል አኑሩት፥ ጥቂት አፈር አልብሱት፥ ፍግ አታብዙበት። ቦታችሁ ከ2200 ሜትር በታች ከሆነ አትድከሙ። የመጀመሪያው ዓመት አበባ ለንብ ይተው፤ ማጭድ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ይግባበት።